ምዕራፍ አራት፦ መጽሐፉ ሲዘጋ የሚቀረው

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ አንኮበርን ያለፈ መንገደኛ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርድ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ከመጀመሩ በፊት አሊዩ አምባን ያገኛል። ከዚያ ወዲያ አገሩ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ ይህች ከተማ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የመጣ ቅፍለት እዚህ ያርፋል፤ አሞሌ፣ ቡና፣ ጥጥና የዝሆን ጥርስ እዚህ እጅ ይለዋወጣል። ስለ ንግዷ የውጭ ተጓዦችም የአገር ውስጥ ታሪክ ጸሐፊዎችም ብዙ ጽፈዋል። እኔ በዚህ ምዕራፍ የማነሣው የዚያን ተዳፋት ሌላ ሀብት ነው፤ ልጆች ከመጽሐፍ ጋር የሚታገሉበትን መንገድ።

በታች፣ በአሊዩ አምባና በዙሪያዋ ባሉት የአርጎባና የአማራ ሙስሊም መንደሮች፣ ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በቁርአን ነበር። በላይ፣ በአንኮበር አድባራት፣ በዳዊት። ሁለቱ ቦታዎች የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይራራቁም። የሁለቱም ልጆች መጽሐፍ የተጻፈው ግን እናቶቻቸው በማይናገሩት ቋንቋ ነው፤ የአንዱ በዐረብኛ፣ የሌላው በግእዝ። ዛሬ ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው 9ኛ ክፍል ሲገቡ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል። በቤት በማይነገር ቋንቋ አንብቦ መማር ለዚህ አገር ልጅ አዲስ ፈተና አይደለም፤ አያት ቅድመ አያቶቹ ኖረውበታል።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። የድሮዎቹ መምህራን ከተማሪው ሁለት ነገር ይጠይቁ ነበር። አንደኛው መጽሐፉን ዘግቶ በቃል መመለስ ነው። ሁለተኛው፣ ከፍ ባለው ደረጃ፣ ትርጉሙን በአገሩ ቋንቋ ማስረዳትና መጠየቅ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ሽምደዳውን ወርሶ እነዚህን ሁለቱን ጥሏቸዋል። መልሰን ልናነሣቸው ይገባል እላለሁ፤ የምለውም ለወግ ናፍቆት ስል ሳይሆን ሠርተው ስለታዩ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ ብዙ ምክንያት አለ። ጦርነትና ግጭት ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ታትመው በበቂ ቁጥር ሳይደርሱ የከረሙባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የመምህራን ኑሮና ዝግጅትም የራሱ ድርሻ አለው። ተማሪው ስላላጠና ብቻ ወደቀ የሚል ሰው ግማሹን እውነት ደብቋል። ቢሆንም ከእነዚህ ሁሉ መካከል ነገ ጠዋት በተማሪው እጅ ሊለወጥ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሚያነብበት መንገድ ነው።

ማስመርና መደጋገም

አብዛኛው ተማሪ ለፈተና ሲቸክል የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሾርት ኖቱን ይዘረጋል፤ ዋና መስሎ የታየውን በማርከር ያቀልማል፤ ከላይ እስከ ታች ያነበዋል፤ ደግሞ ያነበዋል። በሦስተኛው ንባብ ዐረፍተ ነገሮቹ ይለሰልሱለታል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን መስመር ዓይኑ ሳይደርስበት ያውቀዋል። ያኔ «ገባኝ» ብሎ ደብተሩን ያጥፋል። የለመደው ግን የገጹን መልክ ነው። ፈተናው ላይ ደግሞ ገጹ የለም።

በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ይህን በማያሻማ መንገድ አሳዩ። ተማሪዎች አንዱን አጭር ጽሑፍ ሁለት ጊዜ እንዲያነቡት ተደረገ። ሌላውን ደግሞ አንድ ጊዜ ካነበቡት በኋላ ጽሑፉ ተነሥቶ የሚያስታውሱትን ሁሉ በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ሁለት ጊዜ የተነበበው በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከ2 ቀን በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሁለት ጊዜ ከተነበበው ያስታወሱት 54 በመቶ፣ በቃላቸው ጽፈው ከመለሱት 68 በመቶ ነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ 42 ለ56 ሆነ። በሌላው ሙከራቸው የታየው ደግሞ የበለጠ ያሳስባል፤ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በደንብ እንደሚያስታውሱ ይበልጥ እርግጠኞች ነበሩ። ድጋሚ ንባብ የሚያሳጣን እውቀቱን ብቻ አይደለም፤ አለማወቃችንንም ይሸፍንብናል።

እነዚህን ቁጥሮች ደግሜ ሳያቸው የሚገርመኝ የ5 ደቂቃዋ ውጤት ናት። ፈተናው በር ላይ ለቆመ ተማሪ ድጋሚ ማንበብ በእርግጥ ይረዳዋል። ለዚህ ነው ልማዱ የማይለቀን፤ ማታ አንብቦ ጠዋት ተፈትኖ ያለፈ ልጅ መንገዱ ትክክል መሆኑን ያረጋገጠ ይመስለዋል። የአራት ዓመት ትምህርት በአንድ ሰሞን የሚጠየቅበት ቀን ሲመጣ ግን ያ መንገድ አያደርስም።

ከሮዲገርና ከካርፒኪ አስቀድሞ ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሙከራ አድርጎ በ1885 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ነበር። ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት በቃሉ ይይዛል፤ ጊዜ አሳልፎ እንደገና ይማራቸዋል፤ በሁለተኛው ጊዜ ምን ያህል ድካም እንደቀነሰለት ይለካል። ከአንድ ቀን በኋላ የተረፈለት ከድካሙ ሲሦው ገደማ ብቻ ነበር። ከአንድ ወር በኋላም ከአምስት አንዱ ያህል አልጠፋም። ስለዚህ መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ይከፋል፤ በኋላ ይረጋል። ክለሳ የሚጠቅመውም ትምህርቱ ትኩስ ሳለ ጀምሮ እየተራራቀ ሲሄድ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የታወቁ የጥናት ዘዴዎችን ሲመዝኑ ማስመርንና ደግሞ ማንበብን ከዝቅተኞቹ መካከል አስቀመጧቸው፤ ከሁሉ በላይ ያደረጉት ራስን መፈተንንና ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ ማካሄድን ነው።

ሉሁ ከመታጠቡ በፊት

በቁርአን ቤት ልጁ የሚቀራው ከእንጨት ሉህ ላይ ነው። ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም የዕለቱ አንቀጽ ይጻፍበታል፤ ልጁም ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲቀራው ይውላል። ሉሁ ታጥቦ አዲስ አንቀጽ የሚጻፍበት ግን ቀን ስላለፈ አይደለም። ልጁ ሸሁ ፊት ቀርቦ የያዘውን በቃሉ ሲመልስ ነው። ካልመለሰ ጽሑፉ እዚያው ይቆያል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ሉህ፣ የራሱ አንቀጽ አለው፤ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ሊሄድ ይችላል፤ ሳይመልስ የሚያልፍ ግን የለም። የያዘውንም እየዞረ መከለስ አለበት፤ ሙራጀዓ ይሉታል። አዲሱን እየያዘ አሮጌውን የጣለ ልጅ ሐፊዝ፣ ማለት ቁርአንን በቃሉ የያዘ፣ አይባልም።

በአንኮበር በኩልም የሚታየው ተመሳሳይ ነው። ፊደል የለየ ልጅ በቁጥር ንባብ፣ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ አልፎ ቁም ንባብ ይደርሳል፤ ከዚያ ዳዊት ይደግማል። ሌሊት ደግሞ ያለ መብራት፣ ያለ መጽሐፍ፣ ከየኔታ ወይም ከታላላቆቹ ተማሪዎች አፍ ውዳሴ ማርያምንና ሌላውን የቃል ትምህርት ይቀበላል፤ ተቀብሎም ይመልሳል። ጨለማው ራሱ ከመጽሐፉ ጋር ይለያየዋል። የዘመኑ ተመራማሪ ተማሪውን ባዶ ወረቀት ፊት ሲያስቀምጠው የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ግን ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ መደበቅ አይገባም። ልጁ ለዓመታት ትርጉሙን የማያውቀውን ንባብ ይሸከም ነበር። ብዙዎች ከዚያ ሳያልፉ፣ ዳዊት ደግመው ወይም ቁርአን አኽትመው፣ የተናገሩት ምን እንደሆነ ሳይረዱ ወደ እርሻቸው ተመልሰዋል። አርጩሜው ያስመረራቸውና ጠፍተው የሄዱ ልጆችም ጥቂት አይደሉም። ሴት ልጆችም በአብዛኛው ከአብነት ትምህርት ቤቱ ደጅ የቀሩ ነበሩ፤ ከዚህ ሁሉ ጥፋት የከፋውም ይኸኛው ይመስለኛል። ዛሬ «ሽምደዳ የአገራችን በሽታ ነው» የሚሉ ሰዎች የሚያዩት ይህንን የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ነው። እውነት አላቸው፤ ግን ደረጃው እዚያ አያበቃም።

ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ፍጹም ሌላ ጥያቄ ይቀርብለታል። ግሱንና አገባቡን ይማራል፤ ይህ ያው በቃል የሚያዝ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መምህሩ ያስተማሩትን መልሶ እንዲሰጣቸው አይፈልጉም። የሚፈልጉት ማንም ያላለውን ሁለት ቤት፣ ጉባኤ ቃናን፣ ራሱ ቆጥሮ እንዲመጣ ነው። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። በእጁ መጽሐፍ የለም። የተማረው ግስ፣ የሰማው የመጽሐፍ ታሪክ፣ የዕለቱ በዓል፣ ያየው ነገር ሁሉ በአእምሮው ውስጥ ይገናኛል፤ ከዚያ ሰም ይፈልጋል፣ ለወርቁ የሚሆን። ቆጥሮ ሲጨርስ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ይሰማሉ፤ ቤቱ ከጎደለ፣ አገባቡ ከተሰበረ፣ ሰሙ ወርቁን ካልተሸከመ እዚያው ያርሙታል። በማግስቱ እንደገና ነው። ጉባኤ ቃና ሲቀናው ወደ ዘአምላኪየ፣ እያለ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ይወጣል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አያገለግልም፤ አዲስ መቆጠር አለበት።

የዚህን አሠራር ጥልቀት በሚገባ የተገነዘብን አይመስለኝም። ተማሪው ገና በጀማሪነቱ ደራሲ እንዲሆን ይጠየቃል። ዕውቀቱ የሚለካው በሠራበት መጠን ነው። እርማቱም በወረቀት ላይ እንዳለ ነጥብ ሳምንታት ቆይቶ አይመጣም፤ ስሕተቱ ገና በአፉ ሳለ ይደርሰዋል። ዛሬ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ዓይነት እርማት በዓመት ስንት ጊዜ ያገኛል?

መጻሕፍት ቤት ደግሞ ሌላውን ያስተምራል። የግእዙ ንባብ ይነበባል፤ መምህሩ ትርጓሜውን በአማርኛ ይሰጣሉ። አንድ ፍቺ ሰጥተው አይቆሙም፤ አንድም ብለው ሁለተኛውን፣ ደግሞ አንድም ብለው ሦስተኛውን ያክላሉ፤ ምሳሌውን፣ ታሪኩን፣ ተቃራኒ የሚመስለውን ሌላ ጥቅስ ያመጣሉ። ተማሪው ሁሉንም ይዞ ለምን እንደተለያዩ ማወቅ አለበት። አንድን ገጽ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ሊነበብ የሚችል ነገር አድርጎ ማየት የጥሩ አንባቢ መጀመሪያ ነው፤ እኛ ዘንድ ይህ በትምህርት ቤት ደረጃ ተደራጅቶ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል።

በአሊዩ አምባ በኩልም ቁርአኑን ጨርሶ ኪታብ የጀመረ ደረሳ፣ ማለት ተማሪ፣ የዐረብኛ ሰዋስው (ነህውና ሰርፍ) እና የሃይማኖት ሕግ (ፊቅህ) ይቀራል፤ የቁርአን ትርጓሜ (ተፍሲር) ይሰማል። መስመሩ በዐረብኛ ይነበባል፤ ማብራሪያው ግን በአገሩ ቋንቋ ይሄዳል። በዚህ የታወቁት የወሎዎቹ የትምህርት ማእከላት ዳናና ገታ ከሩቅ አገር ደረሶችን ይስቡ ነበር። ከዚህ ከይፋትና ከዘይላ ወገን የሄዱ ተማሪዎች በካይሮው አል አዝሐር ሪዋቅ አል ጀበርቲ የተባለ የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። የግብፁ ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ አብዱራሕማን አል ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) ይህን ስም የወረሰው ከዚሁ ወገን ከሄዱት ቅድመ አያቶቹ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ደረጃዎች አንድ ላይ እንያቸው። ንባቡ በባዕድ ቋንቋ ነው። መጀመሪያ በቃል ይመለሳል። ቀጥሎ በአማርኛ ይፈታል፣ ይጠየቃል፣ ይከራከሩበታል። በመጨረሻ ተማሪው ራሱ በዚያው በባዕዱ ቋንቋ አዲስ ነገር ይሠራል። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የያዘ የ9ኛ ክፍል ልጅ የሚያስፈልገው መሰላል ይኸው ነው። እኛ ግን መካከለኛውን እርከን ቆርጠን ጥለን ከንባብ ወደ ፈተና እንዲዘል እናዝዘዋለን።

አንድ ገጽ እንዴት ይነበባል

በተግባር እንየው። አሊዩ አምባ ውስጥ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አለች እንበል። የታሪክ መጽሐፏ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋን የውጭ ግንኙነት የሚመለከት አንድ ገጽ አለው፤ በእንግሊዝኛ ነው። ገጹ ስለ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ መልእክተኞች ይናገራል፤ ከሣህለ ሥላሴ ጋር ኖቬምበር 16 ቀን 1841 እ.ኤ.አ. የንግድ ውል ስለ መፈራረማቸው።

ከማንበቧ በፊት ርእሱንና ንኡስ ርእሶቹን ታያለች፤ ካርታ ካለም ካርታውን። ከዚያ አንድ ጥያቄ በአማርኛ ትጽፋለች፦ እንግሊዞች ከቦምቤይ ድረስ እዚህ ምን አመጣቸው? ይህች ጥያቄ ቀላል ትመስላለች፤ ግን ንባቡን ሁሉ ትለውጠዋለች። ካሁን በኋላ ዓይኗ መስመር ለመጨረስ አይሮጥም፤ መልስ ይፈልጋል። የማታውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት አያስገልጣትም፤ መልሱን የዘጋባትን ብቻ ትፈልጋለች። ዓመተ ምሕረቱንም ወደ ራሷ አቆጣጠር ትመልሰዋለች፤ ወሩ ከመስከረም በኋላ፣ ከጃንዋሪ በፊት ስለሆነ 7 ቀንሳ 1834 ዓ.ም. ታገኛለች። ያኔ አያቷ ከነገሯት የቤተ ዘመድ ታሪክ ጋር ሊገናኝ ይችላል።

አንድ አንቀጽ ስትጨርስ መጽሐፉን ትዘጋለች፤ ድምፅ አውጥታም በአማርኛ ትናገራለች። እንግሊዞች በ1839 እ.ኤ.አ. ኤደንን ይዘዋል፤ ወደ ህንድ የሚወስደውን የቀይ ባሕር መንገድ መጠበቅ ይፈልጋሉ፤ ፈረንሳዮችም ሸዋን እያዩ ነው። ንጉሡ ደግሞ… እዚህ ላይ ትቆማለች። ንጉሡ ከውሉ ምን ፈለገ? አላስታወሰችውም። ይህች መቆም ከሁሉ የከበረች ናት። ድጋሚ አንባቢው አያገኛትም፤ ገጹ ፊቱ ስላለ ክፍተቱ አይታየውም። እርሷ ግን መጽሐፉን ስትከፍት የምትፈልገውን ታውቃለች፤ ያችኑ ብቻ አንብባ ንጉሡ የጦር መሣሪያ ይሻ እንደነበር አግኝታ ትዘጋለች።

ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ሦስት ዐረፍተ ነገር ትጽፋለች። ሰዋስዉ ይሰበራል፤ ይሰበር። በቅኔ ቤትም የመጀመሪያው ጉባኤ ቃና ይሰበራል። ፈተናው የሚጠይቃት በእንግሊዝኛ ስለሆነ እጇ ይህን መንገድ መልመድ አለበት። ግን አስቀድማ በአማርኛ ስለተረዳችው አሁን የምትታገለው ከቋንቋው ጋር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድም ትበል። ይህን ታሪክ የነገረን ማን ነው? ሃሪስ በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሥር የሚያገለግል መኮንን ነበር፤ በ1844 እ.ኤ.አ. ስለ ጉዞው ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳትሟል። ወደ ንጉሡ እስኪቀርብ ከመልእክተኞቹ ጋር አሊዩ አምባ ላይ ቆይቷል። ላኪዎቹን ማስደሰት ነበረበት፤ ይህ በአጻጻፉ ላይ ምን ያመጣል? በ1842 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በዚችው ከተማ ተቀምጦ ነበር፤ እርሱም መጽሐፍ ጽፏል። የሁለቱ ምስክርነት ይስማማል? ደግሞስ ከሁለቱም መጽሐፍ ድምፁ የማይሰማው ማነው? በከተማዋ አቅራቢያ፣ አብዱል ረሱል በተባለው ገበያ፣ ሰዎች በባርነት ይሸጡ ነበር። የተሸጡት ሰዎች የጻፉት መጽሐፍ የለንም። ተማሪዋ ይህን ጥያቄ ስታነሣ ከመጽሐፉ ደራሲ ጋር እኩል ተቀምጣለች። የመልመጃ ጥያቄ እስኪወጣላት መጠበቅ የለባትም፤ የከተማዋን ሽማግሌዎች ሄዳ መጠየቅ ትችላለች፤ የአሊዩ አምባ ልጅ መሆኗ እዚህ ላይ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ የሌለውን ዕድል ይሰጣታል።

በሒሳብና በፊዚክስ ሥራው ያጥራል። የተሠራውን ምሳሌ ጥያቄውን ብቻ አንብቦ ሥራውን በወረቀት ሸፍኖ መሞከር፤ ሲያቅት አንድ መስመር ገልጦ መቀጠል። ምሳሌውን እያዩ «አዎ፣ ልክ ነው» ማለት ጥናት አይደለም።

አሜሪካዊው ፍራንሲስ ሮቢንሰን በ1946 እ.ኤ.አ. ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ ተመሳሳይ መንገድ በአምስት እርምጃ ዘርዝሯል፦ መቃኘት፣ መጠየቅ፣ ማንበብ፣ በቃል መመለስ፣ መከለስ። በውጭ አገር የጥናት መመሪያዎች እስከ ዛሬ ይኸው ይደጋገማል። ጥሩ ነው። በእኔ ግምት ግን ለእኛ ተማሪ አንድ እርምጃ ይጎድለዋል፤ መጽሐፉን የጻፈው መጽሐፉና ቤቱ አንድ ቋንቋ ለሚናገሩለት ተማሪ ነውና። ያም የጎደለው እርምጃ በአማርኛ፣ በአርጎብኛ፣ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ቤት ውስጥ በሚነገረው ሁሉ መፍታት ነው።

መጽሐፍ ለሦስት፣ መንገድ ለሁለት ሰዓት

ይህን ሁሉ ስል የገጠሩን ተማሪ ኑሮ ዘንግቼ አይደለም። መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት ይደርሳል፤ ወይም በፒዲኤፍ ስልክ ውስጥ አለ፣ ስልኩ ግን የወንድም ነው። መብራት ይጠፋል። ከትምህርት ቤት መልስ ከብት፣ ውኃ፣ ታናናሾች ይጠብቃሉ፤ በተለይ ሴት ልጆችን።

ከመጽሐፍ እጥረት ጋር በደንብ የሚስማማው ግን ይህ የአጠናን መንገድ ነው። ድጋሚ ንባብ መጽሐፉን ሁልጊዜ እጅ ላይ ይፈልጋል፤ በቃል መመለስ መጽሐፉን የሚፈልገው ለአጭር ጊዜ ነው። ሦስት ልጆች አንድ መጽሐፍ ካላቸው አንዷ ትይዛለች፤ ሁለቱ በየተራ ይመልሳሉ፤ ያዥዋ የጎደለውን ትነግራለች። ከዚያ መጽሐፉ እጅ ይቀይራል። የቆሎ ተማሪዎችም እንዲህ ነበሩ፤ አንድ ብራና ለብዙ ሰው ይበቃ ነበር። ከሩቅ ቀበሌ በእግር የሚመላለስ ልጅ መንገዱ የጥናት ሰዓቱ ነው፤ ዛሬ የተማረውን ለጓደኛው እየነገረ ቤቱ ይደርሳል። ጓደኛ ከሌለም ለራሱ ይናገር፤ የሚያይ ሰው ቢስቅ ምንም አይደለም።

የክለሳ ቀንን በተመለከተ ተጓዦቹ የጻፉት አንድ ነገር አለ፤ የአሊዩ አምባ ገበያ በየሳምንቱ ዓርብ ይውል ነበር። በየትኛውም ወረዳ ያለ ተማሪ የገበያ ቀኑን ሳይነገረው ያውቃል፤ ማስታወሻ መያዝ አያስፈልገውም። እንግዲያው ክለሳውን በርሱ ይቁጠር። የዛሬውን ትምህርት ማታ መጽሐፍ ዘግቶ ይመልስ፤ በማግስቱ ደግሞ ይሞክረው፤ ከዚያ በቀጣዩ የገበያ ቀን፤ ከዚያ በአራተኛው። በየጊዜው ከባዶ ወረቀት ይጀምር፤ መጽሐፉ የሚከፈተው ወረቀቱ ሲያልቅበት ነው።

ለመምህራን አንድ ልመና አለኝ። ክፍሉ 60 ተማሪ ቢይዝም የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች የእናንተ ናቸው። በእነርሱ ማስታወሻ አትጻፉ፤ ደብተር አስዘግታችሁ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ የዕለቱን ትምህርት በአማርኛ ይነጋገሩበት፤ ከዚያ አንዱን በእንግሊዝኛ አስመልሱ። አማርኛ በመናገሩ አትቅጡት። እንግሊዝኛው የሚደላደለው በተረዳው ነገር ላይ ነው፤ አባቶቻችን ዐረብኛውንና ግእዙን ያደላደሉት በአማርኛ ነበር።

ወላጆችም፣ ማንበብ የማትችሉት ጭምር፣ ትልቅ ሥራ አላችሁ። ማታ እሳት ዳር ልጃችሁን «ዛሬ የተማርሽውን ንገሪኝ» በሏት፤ ያልገባችሁን ጠይቋት፤ እስኪገባችሁ ድረስ ታስረዳችሁ። የኔታና ሸሁ ከዚህ የተለየ አላደረጉም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዓመቱ መጨረሻ ይመጣል። ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 1 ድረስ ከ38 የማያንሱ የገበያ ቀኖች አሉ። የዘንድሮው ተማሪ ከመጀመሪያው ይነሣ።